ፕሮፔለሩን ማን ሠራው?

ሰው ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ሌብነት ይጀምራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እኔ ግን ጀመርኩ። የሰረቅኩትም ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነው፤ ያውም ከገዛ እህቴ ልጅ። ዕቃው ከዋንዛ ቁራጭ የተፈለፈለ፣ ርዝመቱ ከስንዝር ጥቂት የሚያልፍ የሞዴል አውሮፕላን ፕሮፔለር ነበር። የወሰድኩት እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ረዳት ስለነበረ፣ መስረቄን ራሴም ያወቅኩት ዘግይቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ከኢጣሊያ ተመለሰች። ወሬው ገና ትኩስ እያለ የልጁ የሳይንስ አስተማሪ፣ «በሦስት ሳምንት ውስጥ ሞዴል አውሮፕላን ሠርታችሁ አምጡ፤ የበረረለት ሙሉ ማርክ ያገኛል» ብለው ለክፍሉ ተናገሩ። እህቴ ያን ጊዜ የምትኖረው ካዛንቺስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቡና ልጠጣ ስሄድ ልጁ የቴሌቪዥን ማሸጊያ ነጭ ፎም እየቆረጠ፣ ሳሎኑን በረዶ የጣለበት አስመስሎት አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ክንፉ ቀላል ነው። ፕሮፔለሩ ነው ያስቸገረኝ» አለኝ።

ከተሰበረ መጫወቻ ላይ ፕላስቲኩን ነቅሎ መግጠም ይቻል ነበር። እሱ ግን «የድሮዎቹ የእንጨት ነበሩ፤ እኔም ከእንጨት ነው የምሠራው» ብሎ ድርቅ አለ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ይዤው ወደ ቂርቆስ ወረድኩ።

እኔ ያደግኩት ቂርቆስ ነው። ወደ መሹለኪያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የእናቴን ቁም ሳጥን የሠሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ዛሬም አሉ። ጥርሳቸው ተመናምኗል፣ እጃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። ጎልማሳ ነኝ፣ መምህር ነበርኩ፣ ጋዜጣ ላይ ስሜ ይወጣል፤ እሳቸው ግን አሁንም «አንተ ልጅ» ነው የሚሉኝ። ለልጁ አንድ የዋንዛ ቁራጭ መርጠው ሰጡት። «መጀመሪያ ቀዳዳውን ብሳ። ከፈለፈልከው በኋላ ብትበሳው ቀጥ ብሎ አይገባልህም። መሐሉ ከጠመመ፣ ጫፉን ብታሳምረው ዋጋ የለውም» አሉት። ከዚያ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ አውጥተው በግንዲላው ላይ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አሰመሩለትና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ፕሮፔለር ሲያዩት ቀላል ነው። ሁለት ቅጠል፣ አንድ ቀዳዳ። ሲሠሩት ግን ጉድ ነው። ቅጠሉ ዝም ብሎ ያዘነበለ ጠፍጣፋ እንጨት አይደለም፤ የተጠማዘዘ ነው። ወደ መሐሉ ሲጠጋ አቀበቱ ይቆማል፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ እየተኛ ይመጣል። ምክንያቱም በአንዱ ዙር ውስጥ ጫፉ ረጅም መንገድ ሲሮጥ፣ መሐሉ እዚያው ከቦታው ብዙም አይርቅም። ሁለቱ እኩል ወደ ፊት እንዲገፉ ከተፈለገ ዝንባሌያቸው መለያየት አለበት። የራይት ወንድማማቾች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1903 ከመብረራቸው በፊት፣ የመርከብ ፕሮፔለር ሠሪዎች የተሟላ ስሌት ይኖራቸዋል ብለው ቢፈልጉ አላገኙም። ወራት ሙሉ ተከራክረው ነው ፕሮፔለር ማለት የሚሽከረከር ክንፍ ነው ከሚል መደምደሚያ የደረሱት። ክርክራቸው ከመጦፉ የተነሣ አንዱ ሌላውን አሳምኖ፣ ቦታ ተቀያይረው እንደገና ይከራከሩ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ የስፕሩስ እንጨት ደራርበው አጣብቀው በእጃቸው ጠረቡት።

የእህቴም ልጅ ሁለት ሳምንት ጠረበ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ በሞረድ ይሞርዳል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፣ ወደ ብርሃን ያነሣና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። መብሻው አንሸራቶት ቀዳዳው አጠገብ አንዲት ጭረት ቀርታለች። ይህችን ጭረት ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሥራው የሚታይበት ቀን ዋዜማ እህቴ ቤት አመሸሁ። ልጁ ከብር ማሰሪያ ላስቲክ የገመደውን አጠንጥኖ ሲለቀው አውሮፕላኑ እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ። አንደኛው ቅጠል ከብዷል ማለት ነው። «ጋሼ፣ የትኛው ይመስልሃል?» አለኝ። «ነገ ይደረስበታል፤ አሁን ተኛ» አልኩት። እሱ ተኛ፤ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሞረዱን አነሣሁ።

እንደሚገምቱት፣ የሥነ ጽሑፍ መምህር እጅ ለሞረድ አልተፈጠረም። ከአንዱ ጥቂት ወሰድኩ። በዛብኝ። ለማካካስ ከሌላው ወሰድኩ። እሱም በዛ። እኩለ ሌሊት ሲሆን የልጁ የሁለት ሳምንት ልፋት አንዱ ጫፉ እንደ ወረቀት ሳስቶ ተሰነጠቀ። አሁን እውነቱን መናገር ሲገባኝ ጠዋት ምን አደረግኩ? «በታክሲ ግፊያ እንዳይሰበርብህ፣ አውሮፕላኑን ከሰዓት በፊት እኔ አመጣልሃለሁ» ብዬ ልጁን ሸኘሁት። ማሽን ያለው ሌላ አናጢ ቤት ሄድኩ። ሦስት መቶ ብር ከፈልኩ። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ተመሳሳይ ፕሮፔለር፣ ያውም እኩል የሆነ፣ ተሠርቶ ወጣ። ይባስ ብዬ አዲስ እንዳይመስል በእርሳስ ብናኝና በዘይት አሸሁት። የወንጀል ልብ ወለድ ሳስተምር ኖሬ፣ ማስረጃ የማጥፋቱን ምዕራፍ በተግባር ፈጸምኩት።

በረረ። የግቢውን ሜዳ አቋርጦ ባንዲራው ሰቀላ ድረስ ሄደ። ልጆቹ አጨበጨቡ። አስተማሪው ልጁን መሐል አቁመው፣ «ግራና ቀኙን እንዴት አመጣጠንከው?» ሲሉት፣ ከአናጢው የሰማውን፣ በሞረዱ ያደረገውን፣ አንድ በአንድ አስረዳ። እኔ ከአጥሩ ሥር ቆሜ እንባ ተናነቀኝ። የኩራት እንባ መስሎኝ ነበር።

ማታ እራት ላይ ልጁ ዝም ብሏል። ፕሮፔለሩን ከአውሮፕላኑ አውልቆ እያገላበጠ ያየዋል። በመጨረሻ፣ «ጋሼ፣ ቀዳዳው ጋ የነበረችው ጭረት የታለች?» አለኝ።

ውሸት ሊመጣልኝ ነበር። አልመጣም። ሁሉንም ነገርኩት። አላለቀሰም፣ አልተቆጣም። ትንሽ አሰበና፣ «እና ዛሬ ለክፍሉ ያወራሁት ሁሉ ውሸት ነበር ማለት ነው» አለ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ማርኩን አልሰረቅኩትም፤ ማርኩ አለ። ጭብጨባውንም አልሰረቅኩትም። የሰረቅኩት ጭብጨባው የእሱ የሚሆንበትን መብት ነው። ከዚያም አልፎ፣ ሳያውቅ በሕዝብ ፊት ሐሰት እንዲመሰክር አድርጌዋለሁ። በፍቅር!

እህቴ ተቆጣችኝ፤ ግን በሰረቅኩት አይደለም፤ በመናዘዜ ነው። «ምን አስቀባጠረህ? የሌሎቹን አላየህም እንዴ? ግማሾቹን አባቶቻቸው ናቸው የሠሩላቸው፣ ግማሾቹ ገዝተው ነው የመጡት። የእኔ ልጅ ብቻ በንጽሕና ይውደቅ?» አለችኝ። ይህ ክርክር ተራ ክርክር አይደለም። ሁሉም በሚያጭበረብርበት ሜዳ ላይ ልጄ እውነተኛ ሆኖ ይሸነፍ የምትል እናት የትም የለችም። ደግሞስ ያለ እርዳታ የቆመ ሰው ማን አለ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያልን ያደግን ሕዝብ ነን። ቤት የሚሠራው በደቦ፣ ዕቁብ የሚጣለው በጋራ፣ ሐዘን የሚወጣው በዕድር ነው። ልጁን «ብቻህን ተወጣው» ብሎ ጥሎ መሄድም ጽድቅ አይደለም። የራሱን አውሮፕላን የሠራውን አስመላሽ ዘፈሩን አስታውሱ። ቁመቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር አጥሮ ፓይለት የመሆን ዕድል ያጣ፣ የጤና ባለሙያ የሆነ ሰው ነው። በአሮጌ የቮልስዋገን ሞተር አውሮፕላን ሠርቶ፣ በእናቱ ስም መነሻ ፊደልና በፈጀበት 570 ቀን ስም አወጣላት። እ.ኤ.አ. በ2015 ያደረገው የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካለትም። ሥራው ሁሉ የራሱ ነበር፤ ይህን ማንም አይወስድበትም። ነገር ግን ከጎኑ ቆሞ «እዚህ ጋ ከብዷል» የሚለው አዋቂ ቢኖርለት ምን ነበረበት? እላለሁ።

ስለዚህ ጥያቄው «መርዳት ይገባል ወይስ አይገባም?» አይደለም። ጥያቄው፦ እርዳታ የት ላይ ሲደርስ ስርቆት ይሆናል? ነው።

ይህንን ጥያቄ ፕሮፔለር አይደለም ያስጀመረኝ፤ ያስታወሰኝ እንጂ። በማስተምርበት ዘመን ከገጠር የመጣ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ሐሳቡ የበሰለ፣ አማርኛው ግን ያልተላገ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን ሳማክረው ስህተቱን አመልክቼ ብመልስለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ወደድኩት። ስለወደድኩትም ቀይ እስክርቢቶዬን ይዤ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ጻፍኩለት። ፈታኞቹ አደነቁት፤ ከፍተኛ ውጤት አገኘ። ከዓመታት በኋላ ለገሐር አካባቢ ተገናኘንና «ምን እየጻፍክ ነው?» አልኩት። ሳቅ ብሎ፣ «መምህር፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ገጽ አልጻፍኩም። በጀመርኩ ቁጥር ያንን ዓይነት አማርኛ አጣዋለሁ» አለኝ። ትሕትና መስሎኝ አለፍኩት። ለካ ክስ ነበር። ራሱን በእኔ አማርኛ እየለካ፣ ከራሱ ጋር ሳይተዋወቅ ቀረ።

ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፈው የሚሸጡ ሰዎች መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። በእነሱ ላይ እጃችንን መቀሰር ይቀለናል፤ እነሱ በገንዘብ፣ እኛ በፍቅር ስለምንሠራው። ለተማሪው ግን ልዩነቱ ምንድን ነው? እንዲያውም ገዝቶ ያስጻፈ ተማሪ መግዛቱን ያውቃል። በፍቅር የተጻፈለት ግን የራሱ ይመስለዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲሉ አባቶቻችን፣ ወርቁን የተዋሰ ሰው መዋሱን እንደሚያውቅ ቆጥረው ነው።

እስቲ ይህንኑ ጥያቄ ከቤት ወደ አገር እናውጣው። «ፀሐይ» ስትመለስ ሁላችንም ደስ ብሎናል፤ እኔም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ1935 እዚሁ አገራችን ውስጥ ተሠርታ፣ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰይማ፣ በወረራው ተወስዳ፣ ሮም አቅራቢያ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በአየር ኃይል ሙዚየም ለረጅም ዘመን ቆማ የኖረች የእኛ ንብረት ናት። ግን ማን ሠራት? የንጉሠ ነገሥቱ ፓይለት የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሠራት። የዌበርን ስም ሁላችንም እንጠራለን። ሞረድ ይዘው ከጎኑ የቆሙትን ሰዎች ስም ግን በአደባባይ አንጠራም። በኢትዮጵያ የተሠራች መሆኗ አንድ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያውያን ሁለተኛዋን ያለ ዌበር መሥራት መቻል ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው የሚሆንበት ጊዜ ይኖር እንደሆነ ጦርነቱ አላስጠበቀንም። ወራሪው አውሮፕላኗን ብቻ ሳይሆን ያንን ጊዜ ወሰደ። ሙዚየም የሚመልሰው አውሮፕላኗን ብቻ ነው።

ከዚህ ጎን ሌላውን ታሪክ አስቀምጡት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲመሠረት አብራሪው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ቴክኒሻኑ በአብዛኛው አሜሪካዊ ነበር። ሥራው የተያዘው ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ነው። በስምምነቱ ግን ኢትዮጵያውያንን ማሠልጠንና ቦታውን ቀስ በቀስ ማስረከብ ነበረበት። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ! አሜሪካኖቹ ከእኛ አብልጠው ስለወደዱን አይደለም፤ ክፍያቸውን ይቀበሉ ነበር። እርዳታው ግን ከመጀመሪያው የሚያበቃበት ቀን የታሰበለት ነበር። እንግዲህ የጨዋ እርዳታ ምልክቱ ይህ ይመስለኛል፦ ራሱን አላስፈላጊ ለማድረግ የሚሠራ እርዳታ። እኔ ለልጁ የሰጠሁት ደግሞ ሌላ ጊዜም እንድፈለግ የሚያደርግ ነበር።

በማግስቱ፣ የተሰነጠቀውን የመጀመሪያውን ፕሮፔለር ይዘን ወደ ሽማግሌው ሄድን። ተናዘዝኩ። እሳቸው አልገረማቸውም። ቀጭን ሽቦ በቀዳዳው አሳለፉና ከፍ አድርገው በሁለት ጣታቸው ያዙት። አንደኛው ቅጠል ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

«የቱ ነው የከበደው?» አሉት ልጁን።

«የወረደው።»

«ታዲያ እኔ ለምን እነግርሃለሁ? እሱ ራሱ ነገረህ እኮ።»

ብርጭቆ ወረቀቱን ሰጡትና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። ልጁ ትንሽ ያሻል፣ ሽቦው ላይ ያወጣዋል፣ ይወርዳል፤ ደግሞ ያሻል። የሳሳውንና የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጦ ጣለው፤ ለእኩልነት ሲል ጤነኛውንም ያንኑ ያህል ቆረጠው። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። እኔ መቆም አቃተኝ። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ቦታ ሲያሽ አይቼ እጄን ዘረጋሁ። ሽማግሌው ክንዴን በቀስታ መለሱት። «አንተ ልጅ፣ እኔ ዝም ያልኩት ሳላይ ቀርቼ ይመስልሃል?» አሉኝ።

ይህች ንግግር እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለች። ዝም ማለት የስንፍና ሥራ መስሎኝ ኖሬአለሁ። ለካ አዋቂው ሲያይ፣ ሲያውቅ፣ እጁም ሲበላው፣ ወደ ኋላ አጣምሮ መቆም ከመሞረድ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ልጁን ብቻውን አልተዉትም። ሽቦውን ይዘውለታል፤ ማለትም ስህተቱን ራሱ የሚያይበትን መሣሪያ ሰጥተውታል። ሞረዱን ግን አልነኩም። እኔ ያደረግኩት ተቃራኒውን ነው፤ ሽቦውን ደብቄ ሞረዱን ወሰድኩ።

በመጨረሻ ፕሮፔለሩ ሽቦው ላይ አግድም ቆመ። አላወረደም፣ አልወጣም። ልጁ ትንፋሹን ይዞ ቆየ።

ያንን ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ አስነሣነው። እውነቱን ልናገር፣ ብዙም አልሄደም። ቅጠሉ በማጠሩ ጉልበት አጥቷል፤ ስምንት እርምጃ ያህል በርሮ አፈሩ ላይ ተኛ። የሦስት መቶ ብሩ ግን ሜዳ አቋርጦ ነበር! ልጁ ሮጦ አነሣው፣ አፈሩን እፍ አለ፣ ጭረቷን በጣቱ ዳሰሳት፣ «ቀጣዩን ረዘም አደርገዋለሁ» አለ። በትምህርት ቤቱ ጭብጨባ ቀን ይህን ቃል አልተናገረም ነበር።

ለአስተማሪው እውነቱን ራሱ ሄዶ ነገራቸው። ማርኩ ተቀነሰበት። እህቴ አንድ ወር ያህል አኮረፈችኝ። አስተማሪውም በበኩላቸው በሚቀጥለው ሥራ ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ እንዲሠሩ አደረጉ፤ መጀመሪያም እንዲህ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ኃጢአታችን ባልተሠራ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ የእህቴም ቤት ፈረሰ። ዕቃ ስንሸክፍ ሰፈሩን እያየሁ ስለ ስሙ አሰብኩ። «ካዛ ኢንቺስ» ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ያሠሩበት ተቋም ስም ነበር። ሕዝቡ ተቀበለው፣ በአፉ ሞረደው፣ ካዛንቺስ አደረገው። የአናጢዎቻችን «ሞርሳ»ም «ኮላ»ም እንዲሁ ከእነዚያው የመጡ ናቸው። ከሰው የመጣ ነገር የእኛ አይሆንም አልልም፤ በገዛ አፋችንና በገዛ እጃችን ብዙ ጊዜ ካገላበጥነው ይሆናል።

ልጁ የራሱን ዕቃ በአንድ ካርቶን ሸከፈ። ሜዳ ያቋረጠውን ፕሮፔለር ለጎረቤት ሕፃን ሰጥቶት ኖሯል። አጭሩ ግን ካርቶኑ ውስጥ ነበር፤ ከእሱም ጋር አዲስ የተጀመረ፣ ረዘም ያለ፣ ገና ያልተጠማዘዘ የዋንዛ ግንዲላ። ቀዳዳው ተበስቷል። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ መሰለኝ።

እጄን ኪሴ ከትቼ ዝም አልኩ።